ፍየል የበላችው ማስታወቂያ

ስሜ ሙጬ ነው፣ ሥራዬም በሙጫ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሌላ የለኝ ምርጫ፤
ቀበሌው ያሰበውን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣
ማን እንዳነበበው ሳይቆጥሩ ቤት ገብቶ ማረፍ።

ማለዳ የስንዴ ዱቄት በጣሳ አፍልቼ፣
የአምባ ጊዮርጊስን ጉም በትከሻዬ ገፍቼ፣
ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ
እለጥፋለሁ፦ የጠፋ መታወቂያ፣ የሞተ ሰው ውርስ፣ አዲስ የወጣ ሕግ፣
የመሬት ግብር ቀን፣ የውኃ ፈረቃ፣
የዕድሩ ድንኳን ቁጥር፣ የጨረታ ዕቃ።
ሰሌዳው ወረቀት በወረቀት፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ተላብሶ፣
ሥሩ ሲላጥ የድሮ ስብሰባ ይወጣል፣ ውሳኔው ሳይደርስ ፈርሶ።
ማኅተሙ ወይን ጠጅ፣ ፊርማው የተጣመመ፤
ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለእኔ ተፈጸመ።

ፍየል አለች ደግሞ፣ የወይዘሮ እንጉዳይ፣
ግንባሯ ላይ ቦቃ፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ።
የምትወደው ሙጫዬን ነው፤ ወረቀት አይደለም፤
ግን አንዱን ከአንዱ ለይቶ መብላት የለም።
«ልቅ ፍየል ይቀጣል» ያልን ዕለት ማታ
ከነማኅተሙ ዋጠችው፣ ጢሟን አራግፋ፣ በእርጋታ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው።
የዚያ መስከረም ግን—

በታችኛው ሠፈር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ቦኖ
ወደ ላይ፣ ወደ አዲሱ ጽሕፈት ቤት ሊወስዱት ተወስኖ፣
«ቅሬታ ያለው ሰው በዐሥር ቀን ውስጥ ያቅርብ» የሚለውን
ሐሙስ ለጠፍሁ፣ ሙጫ ሳልቆጥብ፣ አዳርሼ አራቱን ማዕዘን።
ዓርብ ሲነጋ ሰሌዳው ባዶ፤ ቦቃ ታመሰኳለች።
አየኋት። አየችኝ። አልፌ ሄድሁ። እሷም አልፋ ሄደች።
«የእኔ ሥራ መለጠፍ እንጂ መጠበቅ አይደለም»
አልሁ ለራሴ፤ ለሌላ ሰው ግን አላልሁም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ከጎንደር መጡ፣
መፍቻቸውን አወጡ።
ጀሪካን የደረደሩት ሴቶች ቀና አሉ፦ «ማን ነው የላካችሁ?»
«ተለጥፏል እኮ፤ ዐሥር ቀን ሙሉ ምን ነበር ዝም ያሰኛችሁ?»

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ይግዛው ፋይሉን ከፈተ፤
«ለሕዝብ ተገልጿል» ከምትለው መስመር ጣቱን ሳያነሣ ተሟገተ።
ያን ጊዜ እንጉዳይ ፍየሏን እየጎተተች መጣች፤
ከጠረጴዛው እግር አሰረቻት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተናገረች፦
«ጌታው፣ በዚህ ቀበሌ ወረቀታችሁን ያነበበች እሷ ብቻ ናት።
ሕዝብ ማለት እሷ ከሆነች፣ ቅሬታ ካላት ጠይቋት።»

አዳራሹ ሳቀ። ይግዛውም ሳቀ፣ ትንሽ ቆይቶ።
ሳቁ ግን እኔ ዘንድ አልወጣም፤ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ እንደ ሙጫ ረግቶ።

ተነሣሁ። ስብሰባ ላይ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤
ወንበር እደረድራለሁ እንጂ፣ ሐሳብ አልጠየቅም።
«ስትበላ አይቻለሁ» አልሁ። «በማግስቱ። በጠዋት።
ለማንም አልነገርሁም። ሌላም አልለጠፍሁበት።»
ጣራው ላይ ካፊያ ጀምሯል፤ ሰዎቹ ዝም አሉ፤
ከኋላ አዛውንቱ ውቤ፦ «ይኸው አሁን ገና ተነገረን» ይላሉ።

እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ።
ዐሥሩ ቀን ከአንድ ተጀመረ።

ቦኖው ይነሣ ይቆይ፣ እስካሁን አልታወቀም፤
ደብዳቤው ወረዳ ሄዷል፤ ወረዳ ደግሞ አይጣደፍም።
አንዳንዱ «ሙጫው ላይ በርበሬ ጨምርበት» ይለኛል፤
ጨምሬ ነበር፤ ቦቃ ወደደችው፣ እኔን ግን ያስነጥሰኛል።

ዛሬም እለጥፋለሁ። ለጥፌ ግን አልሄድም፤
ድምፄ ሻካራ ነው፣ ንባቤም አይፈጥንም፤
ወደ ቦኖው ወርጄ፣ ከጀሪካኖቹ ሰልፍ ቆሜ፣
አነባለሁ፣ ከ«ለሁሉም ነዋሪ» እስከ ማኅተሙ፣ አንዳንዱን ቃል ደግሜ፤
አንዲት ሴት ክዳን እያጠበቀች «ሰምተናል፣ ሙጬ» እስክትል።
ከዚያ በኋላ ቦቃ ትምጣ። ስንዴው ለእሷም ይበቃል።